ካቆመበት የቀጠለው መጽሔት

ልጄ የምትሠራበት የዕፅዋት ምርምር መጽሔት ታሪኩ እንዲጻፍ ተወሰነና ሥራው ለእሷ ተሰጠ። ቢሯቸው እየታደሰ ስለነበር የድሮዎቹን እትሞች በኮንትራት ታክሲ ጭና ጀሞ ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን አመጣቻቸው። እኔ የሰው ንብረት ቤቴ ከገባ ሰላም የለኝም። ከላይ ያለው የጎረቤታችን መታጠቢያ ቤት አልፎ አልፎ ስለሚያንጠባጥብ ሶፋው ላይ ደርድሬ ላስቲክ አለበስኳቸው። እኛ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ልጄ ሻይ ይዛ ስትጠጋቸው እንኳ እቆጣት ነበር።

በዚያው ሰሞን መካኒሳ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ የጎልማሶች ምዝገባ ማስታወቂያ አየሁ። እኔ እናቴ ስትታመም አራተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው ያቋረጥኩት። መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከሀ ሁ ያስጀምሩኛል ብዬ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ልጄ እትሞቹን ስታገላብጥ ቆይታ፣ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ዓመታት ጎድለዋል» አለች።

ደነገጥኩ። «ከዚህ ቤት አንድም አልወጣም!»

«ኧረ አንቺ አይደለሽም! መጽሔቱ ራሱ ተቋርጦ ነው። ቅጽ ሰባት ወጥቶ ቆመ፤ ከዓመታት በኋላ የወጣው ደግሞ ቅጽ ስምንት ይላል።»

ቅጽ ስትል ቀበሌ የሚሞላው መስሎኝ «ማን ሞላው?» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። የአንድ ዓመት እትሞች አንድ ላይ ቅጽ እንደሚባሉ አስረዳችኝ።

«ታዲያ ያን ያህል ቆይተው ከአንድ አልጀመሩም?»

«ለምን ይጀምራሉ? ሰባቱ'ኮ አሉ።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። የሰባተኛው ወረቀት ቢጫ ሆኗል፤ ስምንተኛው ነጭ ነው። የት እንደከረመ የሚናገር ነገር የለውም። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ስለ አንድ የሣር ዓይነት ማውራት ይጀምራል።

ያኔ ስለ ምዝገባው ነገርኳት። «ከአንደኛ ካሉኝ ግን እቀራለሁ።»

«ፈትነው ነው የሚመድቡሽ።»

«ፈተና ደግሞ!»

«እኔን በፈተና ሰሞን ቁም ስቅሌን ስታሳዪኝ አልነበር? አሁን ተራሽ ነው።»

በማግስቱ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ስንተኛ ክፍል እንደምገባ ጠየቀችኝ።

«አምስተኛ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አራተኛን መቼ ጨረሱ፣ እናቴ?»

«ቆይቷል።»

ፈተናው ሐሙስ እንደሆነ ነገረችኝ።