ገደል የገባችው ኳስ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ልምምድ ስንሠራ የመታኋት ኳስ ከአግዳሚው በላይ አልፋ ከአጥሩ ውጭ ወደቀች። አጥቂ ነኝ፤ ግን ስምንት ጨዋታ ጎል አላገባሁም። ግራ ጉልበቴ ካበጠ ሁለት ወር ሆኖታል። አሰልጣኙ ቅዳሜም ካላገባሁ በቦታዬ ሌላ ተጫዋች እንደሚያሰልፍ ነግሮኛል።

ልጅ ሆነን አንኮበር የምንጫወትበት ሜዳ ከአንደኛው ጎል ጀርባ ገደል ነበረው። ከፍ አድርጎ የመታ ራሱ ወርዶ ያመጣል፤ ሕጋችን ይኸው ነበር። ስለዚህ መሬት ለመሬት መምታት ለመድኩ። አንድ ቀን ግን ሳትኩና ያለችንን አንዲት ኳስ ገደል ከተትኳት። እስኪመሽ ፈልጌ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጓደኞቼ ሦስት ቀን አኮረፉኝ።

በአራተኛው ቀን ከአልዩ አምባ በርበሬ የሚያመጡት ነጋዴ ጋሽ ሰይድ አህያቸውን እየነዱ ዳገቱን ወጡ። ከጭነቱ መሀል ኳሷን አውጥተው ሰጡኝ። በርበሬ በርበሬ ስለምትሸት አስነጠሰችኝ።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ሰይድ።»

«አሚን። ግን እስቲ ንገረኝ፣ አህያዬ ምን በደለችህ? አንተ አንዴ መታህ፤ እኛ ግማሽ ቀን ወጣን።»

ጓደኞቼ ሳቁ። እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

«ተዋት፣ ሌላ ኳስ አለ!» አለኝ ዛሬ ጠዋት አሰልጣኙ፣ አንዷን ወደ እኔ እያንከባለለ።

እኔ ግን እያነከስኩ ወደ አጥሩ በር መሄድ ጀምሬ ነበር።