ቀኑን ሙሉ የሚጠራ ስም

ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ስም የማውጣት ተራው የአማቴ ነበር። ለመጀመሪያዋ፣ ለሴቷ፣ እናቴ ከአገር ቤት በስልክ ነበር ያወጣችላት። አማቴ ያኔ ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ ግን «ቀጣዩ የኔ ነው» ብለው አለፉት። እኔም «የእርስዎ ነው እማማ» አልኳቸው። ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቃል ሰጠሁ፤ ለእግዚአብሔር።

በአምስተኛው ወር ደም ፈሰሰኝና ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሟ ደግ ነበረች። እጄን ይዛ፣ አሁን ከመጠበቅ በቀር ብዙ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ባለቤቴ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ በጸሎትም እንደዚያው ነኝ። ሌሎች ሴቶች ሲማጸኑ፣ ሲያለቅሱ፣ ከእመቤታችን ጋር እንደ ጎረቤት ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ «አቤቱ» ካልኩ በኋላ ቃል ያጥረኛል። ያን ቀንም አጠረኝ። ወንድ መሆኑን ነግረውን ስለነበር አንድ ነገር ብቻ ተሳልኩ፦ «ይህን ልጅ ብትተውልኝ ስሙን ደግአረገ እለዋለሁ። በጠራሁት ቁጥር ላንተ ነው የምለው።»

ስሙን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። በሰፈራችን እንዲህ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ከመንገድ ሆኖ በስማቸው ሲጣራ እናቴ ጓዳ ውስጥ ሥራዋን ሳታቋርጥ «አዎ፣ ደግ አረገ» ትል ነበር። ለእግዚአብሔር መሆኑ ነው።

«ስለት እስኪደርስ በሆድ ይያዛል» የምትለውም እሷ ናት። ያዝኩት። ለባለቤቴም አልነገርኩም። ደሙ ቆመ። ልጁም ቀኑን ጠብቆ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ እየጮኸ መጣ። ተመስገን።

እንደወለድኩ ልናገር ነበር ሐሳቤ። አማቴ ቀደሙኝ። ክፍሉ ገብተው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ሕፃኑን ታቀፉና እልል ብለው «ኖህ!» አሉት።

«ኖህ?» አለ ባለቤቴ።

«አዎ፣ ኖህ። ፈረንጁም ይለዋል፣ ቄሱም ይለዋል። ምን እንከን አወጣህለት?»

«አይ እማዬ፣ የአያቴን ስም ምናምን የምትይ መስሎኝ ነዋ።»

«የአያትህን ስም እዚህ አገር ማን ሊጠራልህ? አንተ ራስህ ትጠራዋለህ?»

ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ክፍሏ ውስጥ ኖህ የሚባሉ ብዙ ልጆች እንዳሉ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው።

«አየህ? ጥሩ ስም ነው ማለት ነው» አሉ።

ተራቸው ነው፤ ደስታቸው ደግሞ ክፍሉን ሞልቶታል። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ግን ኖህ የሚለው ስም ከሆስፒታሉ ወጥቶ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። የማኅበር ሴቶች እዚህ አውስትራሊያ፣ ብሬብሩክ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገንፎና አጥሚት ይዘው ሲመጡ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ሳይጨርሱ «ኖህስ እንዴት አደረ?» ይላሉ። ልጁን ለመመዘን ቤት የመጣችው ነርስም ስሙን ስትጠይቀኝ አማቴ ከኩሽና «ኖህ!» ብለው መለሱላት።

እኔ ግን አንድ ቀንም በዚያ ስም አልጠራሁትም። አፌ እምቢ አለኝ። «አባዬ»፣ «ሆዴ»፣ «የኔ ጌታ» እያልኩ አለፍኩ። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ልጁ ትንሽ ሲያስነጥስ ወይም ጡት እምቢ ሲል ግን ልቤ ይደነግጣል። እግዚአብሔር እንደ ሰው ቂም እንደማይዝ አውቃለሁ። ቢሆንም የተሰጠኝን ታቅፌ የተሳልኩትን ሳላስገባ መቀመጤ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጁን እያጠብን፣ ለምን ኖህ እንዳሉት አማቴን ጠየቅኳቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንገቱን በደንብ አለቀለቁት።

«ሰንሻይን ዌስት፣ ላውንድሪ ቤት ልብስ ሳጥብ» አሉ፣ «ጠዋት ጠዋት አለቃው ስም ይጠራል። አንዷን ይጠራል፣ ሌላዋን ይጠራል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን እያየ ዝም ይላል። ዝም ሲል እኔ ‹የስ› እላለሁ። በቃ፣ ዝምታው የኔ ስም ሆነ።»

«አላስተማሩትም?»

«ምን ብዬ? በየትኛው እንግሊዝኛ? ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ አፉ ነው እምቢ ያለው። ሱዳን ድረስ በእግሬ ወጥቼ፣ ስንቱን አልፌ፣ መጨረሻ በዝምታ ተጠራሁ ልጄ።» ልጁን ከውኃው አውጥተው በፎጣ ጠቀለሉት። «በዚህ ላይ ግን ማንም ዝም አይልም።»

ከዚህ በኋላ መናገሩ ይበልጥ ከበደኝ።

አርባው እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን ስለማልገባ ቅዳሴውን በስልክ ነበር የምከታተለው። ክርስትናው ሲቃረብ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጡ። አማቴ ኩሽና ገንፎ ያገነፋሉ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ለአባ ነገርኳቸው።

«ለእግዚአብሔር ተናግረሽ አማትሽን ትፈሪያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

ወደ ኩሽናው መለስ ብለው አዩ። «እውነትሽን ነው። እኔም እፈራቸዋለሁ።»

ሳቅ አመለጠኝ። አማቴ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው እሱ? ቄስና አራስ ምን ያሳስቃቸዋል?»

«እሷ ትንገርዎት» አሉ አባ፣ የጠበሉን ጠርሙስ ይዘው ወደ መስኮቱ ጥግ ፈቀቅ እያሉ።

ነገርኳቸው። ሆስፒታሉን፣ ደሙን፣ ስሙን። ረጅም አልነበረም።

«ማን አልሽው?» አሉ።

«ደግአረገ።»

«ደግአረገ! ኧረ በስመ አብ! ይሄ እኮ የሽማግሌ ስም ነው። ልጁ ከዘራ ይዞ ነው የተወለደው?»

አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ስለት ነው እማማ።»

«ስለትማ ስለት ነው። እንግዲያው ለክርስትና ስሙ ይሁንልሽ። አባታችንም እዚሁ ናቸው።»

«የክርስትና ስም በቀን ስንቴ ይጠራል? እኔ ቀኑን ሙሉ እልሃለሁ ብዬ ነው የተሳልኩት። ሌላ የምለው ስለሌለኝ።»

አማቴ ማማሰያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ገንፎው ከሥር እንዳይዝ እኔ ሰጋሁ፤ እሳቸው ረስተውታል።

«ያን ሰዓት ብቻሽን ነበርሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ ወዳንቺ ልመጣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ማቆሚያው ላይ ቆሜ ጥላ ተሳልኩ፤ ለታቦቱ። ልጁ በተወለደ በሳምንቱ አስገባሁ።»

ጥላውን ማስገባታቸውን አላውቅም ነበር። እሳቸውም በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል።

«የራሴን አስገብቼ ያንቺን ላስቀርብሽ? ኃጢአቱ በማን ሊቆጠር?» አሉ። ከዚያ ሕፃኑን አጎንብሰው አዩትና ድምፃቸው ወረደ። «እንዳይ... ዝም እንዳይሉበት ብቻ ነው የምፈራው።»

አባ ጠርሙሱን ከፍተው መጀመሪያ ልጁን ረጩት፣ ቀጥሎ እኛን። ገንፎው ይዞ ነበር። የተረፈውን ከላይ ከላይ በላን።

ለክርስትናው ቀን ባለቤቴ ሰንሻይን ካለ ኬክ ቤት ኬክ ቀደም ብሎ ኦርደር አድርጎ ነበር። ማስቀየር ሳይችል ቀረ። ከነሰማያዊ ክሬሙ ኖህ የሚል ኬክ መጣ። አማቴ ቢላዋውን ተቀብለው ልክ ስሙ ላይ ጀመሩና «ኖህም ከነመርከቡ ይባረክ» ብለው ቆረሱት። እንግዳ ሁሉ «ኖህ የታለ?» ሲል «አሁን በላችሁት እኮ! ልጁ ደግአረገ ነው» ይሏቸዋል። ከሴቶቹ አንዷ ስሙን ሰምታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አማቴ አዩዋት። ቁራጯን ትንሽ አደረጉባት።

ነርሷ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ በር ላይ የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። ስሙ መቀየሩን በእጅም በአፍም አስረዷት። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ደግ» አሏት።

«ደግ» አለች።

«አረገ።»

«አሬጌ።»

«ኖ፣ ኖ። አረገ።»

ልጁ ሚዛኑ ላይ ራቁቱን ተኝቶ እግሩን ያራግባል። እኔ ብርድ ልብሱን ይዤ እጠብቃለሁ። ነርሷ ሳትሰለች ደጋገመችው። በመጨረሻ አቃንታ ስትለው አማቴ ጉልበቷን መታ አድርገው «ጎሽ የኔ ልጅ!» አሏት። ልጁ የዚያን ጊዜ ነው የተመዘነው።

ሥራ ስመለስ ቻይልድኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ አስገባነው። በመጀመሪያው ቀን አማቴ አብረውኝ ሄዱ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ስሙን እስኪሉ ከበሩ አልተነቃነቁም። አንዷ ልጅ እግር «አሳጥረን ብንጠራውስ?» አለች፣ በፈገግታ። ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉላት፤ ከበሩ ግን ፈቅ አላሉም። ልጅቷ ጨርሳ ጠራችው።

ስንወጣ አውቶቡሱን ቆመን ጠበቅን። «ሁሉም ብለውታል አይደል?» አሉኝ። «ብለውታል እማማ» አልኳቸው።

ሴቷ ልጄ የስሙን ትርጉም የጠየቀችኝ በዚያው ሰሞን ነው። ነገርኳት። ወንድሟን በጠራችው ቁጥር እግዚአብሔርን እያመሰገነች እንደሆነ ስታውቅ ገርሟት፣ «ስቆጣውም?» አለች፣ ለዛሬ በአማርኛ።

«ስትቆጪውም» አልኳት።

አሁን ሩጫ ጀምሯል። መውጣትም ይወዳል፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የጓሮ አጥር። እኔ ኩሽና ቆሜ አማቴ ከጓሮ ሲጮኹ እሰማቸዋለሁ።

«ደግአረገ! ውረድ ከዚያ! ደግአረገ! ኧረ ይሄ ልጅ ሊገድለኝ ነው! ደግአረገ!»

አንዳንዴ ከአጥሩ ማዶ አውስትራሊያዊው ጎረቤታችንም ያግዛቸዋል። ስሙን አጥርቶ ይለዋል፤ አማቴ ናቸው ያስተማሩት።

እኔ ሽንኩርቴን እያቁላላሁ «አዎ፣ ደግ አረገ» እላለሁ።