የካራማራው አበባና የእኔ ጃንጥላ

ባሌ ወታደር ነበር፤ ካራማራ ላይ ወድቆ እዚያው ተቀበረ። ጓደኛው ወስዶ ያሳየኝ ጊዜ አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን በዙሪያው ያለው ሜዳ እንዳለ ቢጫ አበባ ለበሰ። ጉድ እኮ ነው፣ ሰውየው በሕይወቱ አንድ አበባ ሰጥቶኝ አያውቅም!

እናቱ ጎጃም ናቸው፤ አርጅተዋል፣ እኔ ያለሁበት ጅጅጋ ድረስ አይመጡም። "ልጄ የተኛበትን አሳዪኝ" እያሉ በሰው ይልኩብኛል። አበባው ሳይረግፍ ብዬ የከተማውን ፎቶ አንሺ ለመንኩት። ሶማሌ ነው፤ ሥራው ሙሽራ ወንበር ላይ ማስቀመጥ። በጭነት መኪና ወጣን። ዝናቡ ይወርዳል፣ እሱ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። "ጡት አጥባው እንጂ" አልኩት። አልሳቀም።

ፈንጂ ስላለ ከመንገድ መውረድ የለም። ዳር ላይ ቆመን "ያቺን ድንጋይና አበባውን አንሳልኝ" አልኩት።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ሰውስ?"

"ሰው የለም።"

"ሰው የሌለበት ምን ፎቶ ነው? ፊልም ማበላሸት! ነይ ቁሚ። ቀጥ በይ። ጃንጥላውን ዘርጊው፣ ታምሪያለሽ።"

ብጨቀጭቀው እምቢ አለ። እኔም ያኔ ወጣት ነኛ፣ "ታምሪያለሽ" ሲለኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ፎቶው ሲታጠብ እኔ አለሁ፣ ጃንጥላዬ አለ፤ ድንጋዩን ከልዬዋለሁ። አበባው በዳር በዳሩ ይታያል ብዬ ለፈቃድ ጎጃም ለሚሄድ ወታደር ሰጠሁት።

ሲመለስ የእናትየውን መልስ አመጣልኝ። ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው፣ አገላብጠው አይተው፣ "አንቺንማ አውቅሻለሁ፣ ልጄ። እስቲ ዘወር በይና እሱን አሳዪኝ" ብለዋል። ሳቅኩ። ሳቁ አልቆም ሲለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት።

በበጋ ምን አበባ አለ! አቧራ ነው። ክረምቱን ጠብቄ ያንኑ ሰውዬ ጎትቼ ወጣሁ። "ዘንድሮ አልቆምልህም" ብዬ ከኋላው ሆንኩና ጃንጥላውን ለካሜራው ያዝኩለት። እያጉረመረመ አነሳ። ድንጋዩም፣ አበባውም፣ ዝናቡም ወጣ።

የሚወስድልኝ ሰው ሳፈላልግ የእናትየው መርዶ መጣ።

ፎቶው እኔ ቤት ተሰቅሎ ቀረ። የልጅ ልጆቼ "እማማ፣ ሰው የሌለበትን ፎቶ ለምን ሰቀልሽው?" ይሉኛል።

"ያ ፎቶ አንሺ ነው የላካችሁ?" እላቸዋለሁ።