ሐረር የተሰቀለው የጋሽ ኪዳኔ መዘውር

ለባለቤቴ ለአልማዝ «ቁልቢ ስለት አለብኝ» ብያት ነው ከቤት የወጣሁት። ስለት የለብኝም። የነበረብኝ ቅናት ነው፤ መድኃኒቱም ሐረር ከተማ፣ ደረጀ ዘንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔና ደረጀ በወጣትነታችን አዲስ አበባ አንድ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የእንጨት ሞዴል ሠሪዎች ነበርን። የሚፈለገው ዕቃ በመጀመሪያ በእንጨት ይሠራል፤ እንጨቱ አሸዋ ውስጥ ይቀበርና በጥንቃቄ ይወጣል፤ እሱ በተወው ጉድጓድ የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ሙያውን ያስተማሩን ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። ማቅለጫው ሲዘጋ ሞዴሎቹ ለማገዶ ተሸጡ። ዛሬ ዘመን ተገልብጦ ፈረንጆችና አርክቴክቶች እንደ ሥዕል ይሰቅሏቸዋል። እኔም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ከየእንጨት ተራው ስለቅም አሥራ ዘጠኝ ሞዴል አከማችቻለሁ። አንዱም ግን የጋሽ ኪዳኔ እጅ አይደለም። የመጨረሻ ሥራቸውን፣ ባለ ጥርሱን መዘውር፣ ጡረታ በወጡ ዕለት የሰጡት ለደረጀ ነው። ለእኔ የሰጡኝ ይሠሩበት የነበረውን ማስመሪያ ነው። ያ ቀን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቁልቢ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ለማግባቢያ የያዝኩት ማርና በጋዜጣ የጠቀለልኩት ያ ማስመሪያ አለ። ማስመሪያውን የያዝኩት መዘውሩን ልለካበት ነው፤ ምናልባት የጋሽ ኪዳኔ ሥራ ባይሆንስ የሚል ክፉ ተስፋ ነበረኝ። ናዝሬት ቁርስ በላን። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ሸሚዛችንን ከወንበሩ ጋር አጣበቀው። አሰበ ተፈሪ ለምሳ ስንወርድ በሃያ ብር ጥብስ አዘዝኩ፤ ሥጋው ከሽንኩርቱ ያንስ ነበር።

ከሂርና ወዲያ መንገዱ ጋራ ለጋራ ይጠማዘዛል። ቁልቢ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበ። እኔም አማተብኩ፤ ግን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። የደረቀውን የአለማያ ሐይቅ አልፈን አወዳይ ስንደርስ ሴቶች የጫት እስር ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ሐረር የገባነው ፀሐይ ወደ ሐኪም ጋራ ማዘንበል ስትጀምር ነው።

አስቀድሜ ደውዬለት ስለነበር ደረጀ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሸብቷል፣ ግን ወገቡ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ይህም አበሳጨኝ። ለማስተማር ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ ሐረርን አልለቀቀም፤ ዛሬም ተማሪዎቹን የእንጨት ሞዴል ያሠራል። ትኩስ ፈጢራ፣ በእንቁላልና በማር የተጠበሰ ቂጣ፣ ጋበዘኝና እሱ ጋ እንዳድር ለመነኝ። መዘውሩ ካለበት ግቢ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስለማውቅ ሆቴል ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጁገል ውስጥ

በሸዋ በር በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ከተማ ገብተን፣ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር በሚንጫጫበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ አልፈን፣ ግድግዳዋ አረንጓዴ የተቀባ ጠባብ መንገድ ያዝን። ደረጀ የሚኖረው አይ ፋጡማ፣ በእኛ እማማ ፋጡማ እንደማለት፣ ከሚባሉ አደሬ አሮጊት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነው። መዘውሩ ግን እሱ ክፍል የለም። እሳቸው ወድደውት ከራሳቸው ሳሎን ሰቅለውታል።

ሳሎኑን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከመደቡ በላይ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ሁሉም የታወቀ ቦታ አለው፤ እንዲህ በቀላሉ አይነካም። አይ ፋጡማ ለመዘውሩ ሲሉ ትልቁን ሳህናቸውን አውርደዋል፤ አሁንም መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

አርባ ስምንት ጥርስ አለው። ዋንዛው ተደራርቦ የተጣበቀበት መስመር እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ጥርሶቹ አሸዋውን ሳያፈርሱ እንዲወጡ ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ ይሾላሉ። ቀዩ ቀለም ጠርዙ ላይ ተልጧል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል የዚያን ዘመን አሸዋ ጥቂት ቀርቷል። በዚህ መካከል አንድ አስጎብኚ የአደሬ ቤት ሊያሳያቸው ሁለት ፈረንጆች ይዞ ገባና «ይሄ የመምህር ደረጀ መዘውር ነው» አላቸው። «የጋሽ ኪዳኔ ነው» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ ማስመሪያዬን አወጣሁ። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የሞዴል ሠሪ ማስመሪያ ከተራው ማስመሪያ በጥቂቱ ይረዝማል፤ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ተስባለች። መዘውሩን ከጫፍ ጫፍ ለካሁት። ልክ ስልሳ ላይ አረፈ፤ ፀጉር አያስገባም። የሳቸው ሥራ ነው፤ የተሠራውም በዚሁ ማስመሪያ ነው።

ቀና ስል ደረጀ መዘውሩን አያይም። የሚያየው እጄን ነው።

«እሱን የሰጡህ ዕለት መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ» አለኝ። «መሣሪያ የሚሰጠው ለሚሠራ ሰው ነው። ለእኔ ግን ያለቀ ዕቃ ሰጡኝ፤ አንተ በቃህ እንደማለት። እዚህ እስከ ዛሬ በተራ ማስመሪያ እየለካሁ፣ እያንዳንዱን ልክ በእርሳስ እያሰላሁ ነው የማስተምረው።»

ለካ በአንድ ቀን ሁለታችንም ቆስለናል። የባሰው ደግሞ ማስመሪያው የደረሰው እንጨት ከነካ ዘመን ላለፈው ለእኔ ነው።

«እንለዋወጥ» አለ። «መዘውሩን ውሰድ።»

አዲስ አበባን ለቅቄ የመጣሁት ለዚህችው ቃል ነበር። እጄ ግን ማስመሪያውን ጨበጠ እንጂ አልተዘረጋም። ጋሽ ኪዳኔ ለሥራ የመረጡት እኔን መሆኑን የሰማሁት ገና አሁን ነው፤ በሰማሁ በደቂቃው አሳልፌ ልስጠው? «ላስብበት» አልኩ። የንፉግ መልስ መሆኑን ሦስታችንም አውቀናል።

አይ ፋጡማ ከግድግዳው አንድ ስፌት አሳዩኝ። «እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ለእኔ ይሄን፣ ለእህቴ ሌላ ሰጠችን። የእሷ በለጠብኝ። ተለዋወጥን። ከዚያ እኔ የእናቴን እጅ አጣሁት፣ እሷም አጣችው። በሳምንቱ መለስን፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አሁንስ አይቀኑም?» አልኳቸው።

«እቀናለሁ እንጂ» አሉ፣ ስፌቷን አቧራ እየጠረጉላት።

ቤት

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ጉዞው ያስተማረኝ ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ የምፈልገው መዘውሩን ሳይሆን የጋሽ ኪዳኔን ምርቃት ነበር። እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ አልሠራሁበትም እንጂ።

ለአልማዝ እውነቱን ነገርኳት። ለአንድ ቀን አኮረፈችኝ። ማስመሪያውን ሳሎን ሰቀልኩት፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ አይቶት ያልፋል፣ ማንም ምንድነው አይልም። አንድ ቀን አልማዝ አውርዳ መስኮቱን ለካችበትና ለልብስ ሰፊው የመጋረጃ ልኩን ነገረች። መጋረጃው ሲመጣ አንድ ጣት ያህል አጠረ።

«ይሄ ማስመሪያ ይዋሻል» አለችኝ።

አይዋሽም። ሞዴል ለሚሠራ ሰው እውነት ይናገራል፤ እዚህ ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም። በዚሁ ስሜት ለደረጀ ደወልኩለት። «ማስመሪያውን ልላክልህ» ልለው አፌን ከፍቼ፣ አስቀድሜ መዘውሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ደህና ነው። ትናንት እንኳን አሥር ሰው ሊያየው መጥቶ ነበር» አለኝ።

ማስመሪያውን ሳላነሣበት ደህና ዋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መጋረጃው ዛሬም አጥሮ ተሰቅሏል፣ ማስመሪያውም ከጎኑ።