አደራ የተሰጠኝ ላፕቶፕ

ነገሩ ሲሆን ሃያ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ደብረ ብርሃን ወዳለችው የኮምፒውተር መጠገኛዬ ላፕቶፕ ይዛ ገብታ፣ «እትዬ፣ ማንም አይከፍተውም አይደል?» ስትለኝ ያ ዘመን ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ እኛ ቤት ሰናይት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተከራይታ ነበር። ከአርባ ምንጭ ነው የመጣችው፤ በኅዳር ውርጭ ሁለት ጋቢ ደርባ እየተንቀጠቀጠች የገብስ ቆሏችንን ስትቆረጥም እንስቅባት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ወደዳት። እናቴም ተስማምታ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ።

በመሀሉ ሰናይት ለሥራ አንኮበር መሄድ ነበረባት። «የመንገዱ አቧራ ይጨርሰዋል፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ ላፕቶፗን ቆልፋ ሰጠችኝ።

እኔ ደግሞ ኮምፒውተርን በመነካካት ብቻ የተማርኩ፣ የሰማሁትን ሳልሞክር የማላድር ነበርኩ። በዚያ ዓይነት ላፕቶፕ የይለፍ ቃሉን ቦታ ባዶ ትቶ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ የተጫነ ሰው ይገባል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሞከርኩት። ተከፈተ! እዚያው ላይ ብዘጋው ምን ነበረበት? አንድ ቪዲዮ ነካሁ። የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን፣ «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ጮኸች።

እናቴ በሚቀጥለው ክፍል ገብስ ትለቅም ነበር። «የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

«የሰናይት!» አልኳት። ልቤ መክፈት በመቻሌ ላይ ስለነበር እየሳቅሁ ነው የነገርኳት።

ማታ ወንድሜን ያዘችው። «ልጅ እንዳላት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ እማ። ከአንኮበር ስትመለስ ራሷ ልትነግርሽ ነበር።»

«እንግዲያው በሽማግሌው የለሁበትም።»

ሰናይት ተመልሳ ሁሉንም ሰማች። «ቆልፌ አልነበር የሰጠሁሽ?» አለችኝ።

«ላፕቶፑ ክፍተት አለው...»

«እሱስ ይኑረው። አንቺስ?»

በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ጭና ወጣች። ወንድሜ ቢለምናት፣ «ልጄን ያልፈለገ ቤት አልገባም» አለችው።

የላፕቶፑ ክፍተት ብዙም ሳይቆይ ተስተካከለ፤ ዛሬ የሚያስታውሰውም የለ። ለጠዋቷ ልጅ «ማንም አይከፍተውም» ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። «እኔ አልከፍተውም» አልኳት።

ግርማ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሌላ አግብቶ ጫጫ ከተማ ይኖራል፤ ለበዓል ይመጣል፣ ከልጆቼ ጋር ይሳሳቃል። እኔ ቤት ግን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ አይነሳም፤ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ እንኳ አንስቶ ኪሱ ይከተዋል።