የእንባ ልክ

የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ሥራዋን ስትሠራ ጨው በውሃ አሟሙታ፣ «እማማ፣ ዘጠኝ ግራም በአንድ ሊትር ለቁስል ማጠቢያ ይሆናል» አለችኝ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጣዕሙን አወቅሁት።

ልጅ ሳለሁ ጣሊያን ቤታችንን አቃጥሎብን ከሮብ ገበያ በላይ ዋሻ ውስጥ ተደብቀን ነበር። አባቴ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። እናቴ ከአሞሌ የተረፈችውን ቁራሽ ጨው እየሸረፈች አፍልታ ባቀዘቀዘችው ውሃ ቅል ውስጥ ታሟሟለች። ከዚያ እንባዋን ከጉንጯ በጣቷ ጠርጋ ትቀምሳለች፤ ቀጥላ ውሃውን።

«ከእንባ ከቀጠነ ቁስሉን አያጠራም፤ ከበረታ ያንገበግበዋል» አለችኝ።

«የማን እንባ፣ እማዬ?»

«የማንም። የሰው ሁሉ ልኩ አንድ ነው።»

አልገባኝም። ቁራሿ እያነሰች ሄደች። ገበያ እንዳንወርድ መንገዱን ጣሊያን ይዞታል። እናቴ ግን በየጠዋቱ እየቀመሰች «ልክ ነው» ብላ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

አባቴ በሞተበት ጠዋት ቅሉን አንስቼ ቀመስኩ። ባዶ ውሃ ነው። እናቴ ስታቅፈኝ በእንባ የራሰ ጉንጯ ከንፈሬን ነካው። መለኪያው እንዳለ ነበር፤ ያለቀው ጨው ነው።

«ልክ ነው፣ እማማ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«ልክ ነው» አልኳት። አጠገቧ ያለውን፣ እስከ አፉ ጨው የሞላውን ጣሳ ማየት ግን አቃተኝ።