የእናቴ አበቦችና የአባቴ እምቢታ

አባቴ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል፤ ያኔ መንገድ ላይ እርግብ ካየ ያቆማል፣ ተሳፋሪው እየተንገጫገጨ ይረግመዋል፣ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

እናቴ ስትሞት ሁለት ነገር ትታለት ሄደች፤ ሳሎኑን የሞሉ አበቦችና ቅጠል የምታኝክ ድመት። እሷ ሁለቱን እንዴት እንደምታስማማ ታውቅበት ነበር፤ የሳሎኑን በር ትዘጋለች፣ አለቀ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር አይወድም። ከኋላው እሷ ያለች ይመስለዋል። ስለዚህ የውስጥ በሮቹን ሁሉ ወለል አድርጎ ከፈታቸው፤ ድመቷም ገብታ ከዚህም ከዚያም መቀንጠብ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ አፏን በመዳፏ እየፈተገች አገኛት። በጃኬቱ ጠቅልሎ ወደ እንስሳት ሐኪም በረረ። ሐኪሟ ምን እንደበላች ጠየቀችው። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰፊ ቅጠል መሆኑን ሲነግራት፣ አፍና ጉሮሮ እንደሚያቃጥል፣ ግን በጊዜ ስለመጣች እንደሚያልፍላት ነገረችው። የከፋው ሊሊ የሚባለው አበባ ነው አለችው፤ ቅጠሉ ይቅርና ብናኙን ከጸጉሯ ላይ ብትልስ፣ የቆመበትን ውሃ ብትጠጣ እንኳ ኩላሊቷን ሊጨርሰው ይችላል። አባቴ ቤት እንደገባ የትኛው እንደሚጎዳ ሐኪሟን በስልክ እየጠየቀ ለየና የሚጎዱትን ከውጭው በር ማዶ ደረጃው ላይ ደረደራቸው።

ይህን ያየችው የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ እሳት ጎረሰች። የሚስቱን አበባ ደረጃ ላይ ጥሎ ድመት የሚያቅፍ ባል አይታም ሰምታም እንደማታውቅ ለዘመድ አዝማዱ አዳረሰች። ድመቷን ለሰው ስጥ አለችው። አልሰጥም አላት። ሰው ምን ይላል አለችው። ያለውን ይበል አላት። እኔ መሐል ገብቼ ላስታርቅ ብል ሁለቱም እኔ ላይ ዞሩብኝ።

አንድ ቀን አባቴ ገበያ መውጣቱን ጠብቃ፣ አክስቴ እሷ ጋ በነበረው ትርፍ ቁልፍ ከፍታ አበቦቹን ሁሉ ወደ ቦታቸው መለሰች። ያ አልበቃ ብሏት ከእናቴ ፎቶ አጠገብ አንድ እቅፍ ነጭ ሊሊ በውሃ አቆመች። አባቴ ሲመለስ ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ አንገቷን ወደ አበባው ስታሰግግ ደረሰባት። ለማንኛውም ብሎ ሐኪሟ ጋ ወስዶ አስመረመራት፤ ደህና ነበረች።

በነጋታው የድሮ ባልደረባውን አውቶቡስ አስቆመና የሚጎዱትን አበቦች ሁሉ ጫነ። ተሳፋሪው ቅጠል ታቅፎ ነው የሄደው። እኔም ሁለቱን ይዤ ተከተልኩ። የአክስቴ በር ላይ ደረደርናቸውና አባቴ አንኳኳ።

«እህቴን ከቤቷ አወጣሃት» አለችው፣ ዕንባዋ እየወረደ።

«እትዬ፣ እሷን ያወጣት ሞት ነው» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስገባ ብቅ የምትልልኝ ያቺ ድመት ብቻ ናት የቀረችኝ። አንዴ ቀብሬያለሁ። ደግሜ አልቀብርም። ቁልፌን ይስጡኝ።»

ሰጠችው። በዚያው አኮረፈችው። ዘመድ ሁሉ ጥፋቱ የእሱ ነው ይላል፤ እኔ ግን ሰው የሚተነፍሰውን ከማይተነፍሰው አስበልጦ ቢወድ ምኑ ላይ እንዳጠፋ እስካሁን አልገባኝም። ቢሆንም አክስቴ አሳዘነችኝና እስኪ አንተ ቅደም፣ ደውልላት ብዬ ለመንኩት። አልደውልም አለኝ። ድመቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሻሻት ጀመር።

«ለአክስትሽ ንገሪያቸው» አለኝ በመጨረሻ። «በፈለጉት ቀን ይምጡ፣ ቤቱ ቤታቸው ነው። ብቻ ባዶ እጃቸውን ይምጡ።»